«ትልቅ ሞተር ያለው ሁሉ ካራቫን ይጎትታል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስልኬ ላይ ደጋግሞ የመጣልኝ አንድ ጽሑፍ አለ፣ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ባለ ጎማ ቤት) ለመጎተት የትኛው ፎርዊል መኪና ይሻላል የሚል። የላኩልኝ ሰዎች «አንተ ምን ትላለህ» እያሉ ነው፣ ምክንያቱም ስራዬ ብየዳ ነው፣ ሱሉልታ ላይ ተሳቢ እሰራለሁ፣ ጋንቾ (ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበትን) እገጥማለሁ፣ አልፎ አልፎም ራሴ እጎትታለሁ። ጽሑፉን ያላነበባችሁት ብዙ አልቀረባችሁም ግን ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው፦ ሞተሩ በሲሲ (በሊትር ሲለካ ማለት ነው) ትልቅ ይሁን፣ ቪኤይት (ትልቁ ላንድክሩዘር) ከተገኘ ከዱባይ አምጣ፣ ካልተገኘ አሮጌ ሃርድቶፕ (የድሮው ቅርጽ ላንድክሩዘር) ወይ የላንድሮቨር ዲፌንደር ግዛ፣ ወረቀቱ ላይ 3,500 ኪሎ ይጎትታል ካለ 3,500 ኪሎ ጎትት፣ መኪናው ከባድ ስለሆነ ካራቫኑ የራሱ ፍሬን አያስፈልገውም፣ ፎርዊሉን አስፋልት ላይም አስገብተህ ንዳ፣ እቃውን ወደ ኋላ ጫን፣ መኪናውን ከፍ አድርግና ትልቅ ጎማ ግጠም፣ ጂምኒ (ትንሿ ሱዙኪ) ደሞ የልጆች መጫወቻ ነው። በቃ ይሄ ነው። ጸሐፊው ወንድማችን መኪና እንደሚወድ ያስታውቃል፣ ቶዮታ ሲል አፉ ማር ይላል፣ እሱ ላይ ጠብ የለንም። ግን ሰው ይሄን አንብቦ ሚሊዮኖች አውጥቶ ቤተሰቡን ጭኖ ስለሚወጣ ዝም ማለት ከበደኝ።

በሲሲው እንጀምር። «4.2 ሊትር ከ3 ሊትር ይበልጣል፣ ሂሳብ ነው» ይላል። ሂሳቡ ሞምባሳ ላይ ቢሆን እሺ። እኛ ያለነው ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሱሉልታ ደሞ ከዛም ከፍ ይላል፣ እዚህ የምንተነፍሰው አየር ባህር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፣ ሞተርም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። ሃርድቶፑ ላይ ያለው ባለ 4.2 ሊትሩ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ሞተር ቱርቦ የለውም፣ ፋብሪካው 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ፣ 285 ኒውተን ሜትር (ሞተሩ የሚያዞርበት ኃይል መለኪያ) ብሎ የጻፈው ለባህር ጠረፍ ነው፣ እዚህ ሲመጣ ሩብ ያህሉ ይጎድላል፣ ጣርማበር ዋሻው ጋ ስትደርስ ደሞ ሲሶው የለም። በዛ ላይ 2 ቶን አስረህበት ዳገት ስትወጣ ጥቁር ጭሱን እየተፋ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚንፏቀቀው፣ ከኋላህ ያለው ሲኖትራክ ራሱ ጡሩምባ ይነፋብሃል። ባለ 3 ሊትር ቱርቦው ሃይሉክስ ግን ከመነሻውም 343 ኒውተን ሜትር ነው፣ ቱርቦው ደሞ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባለት አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞት ይወጣል። ስለዚ እንጦጦን ለመሻገር በሲሲ የሚያንሰው ይሻላል። አይዙዙ ዲማክስም ያው ቱርቦ ነው፣ እሱን ጸሐፊው ስሙን እንኳ አላነሳውም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ለሃርድቶፑ ግን ፍትሃዊ እንሁን። የበርሜል ናፍጣ ብትሰጠው ይሄዳል፣ ገጠር ያለ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፣ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ሞልቷል። አዲሶቹ ቱርቦ ናፍጣዎች ኢንጀክተራቸው (ናፍጣውን ሞተር ውስጥ የሚረጨው) ቅንጡ ነው፣ ውሃ የገባበት ናፍጣ ካገኛቸው አለቀ፣ አንዱን ለመቀየር የምታወጣው ብር ያስለቅሳል። እኔ የምለው ሃርድቶፕ አትግዙ አይደለም፣ ሃርድቶፕ ከገዛችሁ ካራቫኑን አሳንሱት ነው።

ከፍታውን ካነሳን አይቀር ጸሐፊው ጭራሽ የረሳት አንዲት እቃ አለች፣ የራዲያተር ክዳን። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 አይደለም የሚፈላው፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፣ ግፊቱን የምትይዘው ደሞ ክዳኑ ስር ያለችው ጎማ ናት። ክዳኑን ፈታችሁ (ሞተሩ ቀዝቅዞ እንጂ በትኩሱ እንዳትነኩት) ጎማዋን በጣት ዳሰስ አድርጓት፣ ከደረቀች ወይ ከተሰነጠቀች ያ መኪና ካራቫን ይዞ ዳገት ላይ መፍላቱ የማይቀር ነው። ብዙ ሰው ቴርሞስታት አስወልቆ የቧንቧ ውሃ ሞልቶ ነው የሚነዳው፣ ባዶ መኪና ያልፋል፣ የሚጎትት መኪና አያልፍም።

ወደ 3,500ዋ እንምጣ። «ወረቀቱ ካለ አለ ነው» ይላል። ወንድሜ ወረቀቱ ላይ እኮ ሌሎች ቁጥሮችም አሉ። መኪናው ራሱ ሰውና እቃ ጭኖ ከስንት ኪሎ ማለፍ እንደሌለበት ተጽፏል፣ መኪናና ተሳቢው አንድ ላይ ከስንት ማለፍ እንደሌለባቸውም ተጽፏል፣ ሰውን ጉድ የሚሰራው ይሄኛው ነው። እንበል አንድ ደብል ጋቢና ባዶውን 2,100 ኪሎ ይመዝናል፣ መኪናና ተሳቢው በድምር የተፈቀደላቸው ደሞ 5,850 ኪሎ ነው። 3,500ውን ሙሉ ከጎተትክ ለመኪናው የቀረህ 2,350 ነው፣ ማለትም ለሰውና ለእቃ 250 ኪሎ። አራት ሰው ስታስገባ አለቀ። ናፍጣ፣ ጎማ፣ ድንኳን፣ በግ (በዓል ከሆነ) የት ልትጭን ነው? ካራቫኑ ጋንቾው ላይ የሚጫነው ክብደት ራሱ ከመኪናው ጭነት ላይ ነው የሚቀነሰው፣ ይሄን ጸሐፊው አንድ ቦታም አላነሳውም።

ካራቫን ደሞ ሁሌ ከተባለው በላይ ነው የሚመዝነው። አንድ ደምበኛዬ ከመንገድ ስራ ካምፕ የወጣ ካራቫን በጨረታ ገዝቶ አመጣልኝ፣ «1 ቶን ተኩል ብትሆን ነው» ተብሎ ነው የገዛው። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ስናወጣው 2,300 ኪሎ ሆኖ ቁጭ! ውሃ ሳይሞላ፣ ፍራሽ ሳይገባ፣ የጋዝ ሲሊንደር ሳይታሰር። ስሩ ገብቼ ሳየው ለካ ወለሉ ላይ ላሜራ ተደርቦበታል፣ ጣራው ላይ ለውሃ ታንከር ተብሎ አንግል ብረት ዙሪያውን ተበይዷል፣ ካምፕ ላይ አስር ዓመት ቆሞ ያገኘው ሁሉ የመሰለውን ሲለጥፍበት ኖሯል። ሰውዬው በሃይሉክስ ወንጪ ልወስደው ነው ሲል የነበረው፣ ወንጪ እኮ አፋፉ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። አሁን ሰንዳፋ ያለው መሬቱ ላይ የዘበኛ ማደሪያ ሆኗል፣ ለሱ ግን ምቹ ነው።

እንግሊዞች ለጀማሪ የሚመክሩት አንድ ልክ አለ፣ የተጫነው ካራቫን ከባዶ መኪናው ክብደት 85 በመቶ አይለፍ የሚል። ባዶውን 2,100 ኪሎ ለሚመዝን መኪና 1,785 ኪሎ ማለት ነው። ህግ አይደለም፣ ግን ለኛ መንገድ ከ3,500 ይልቅ እሱን ብትይዙ እመርጣለሁ።

«መኪናው ከባድ ስለሆነ ካራቫኑን ይይዘዋል፣ ለካራቫን ፍሬን ቅንጦት ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ስልኩን አስቀምጬ ነው የተነፈስኩት። ሰው የሚገድለው ይሄ ነው። እስቲ ከአዲስ አበባ የሚያስወጡትን መንገዶች አስቡ፣ እኛ አናት ላይ ነው ያለነው። በጎጃም መስመር ጎሃ ጽዮንን ስታልፍ አባይ በረሃ አፉን ከፍቶ ይጠብቅሃል፣ በደሴ መስመር ከጣርማበር እስከ ደብረ ሲና መውረድ ነው፣ በጅማ መስመር ጊቤ በረሃ አለ፣ እሱ ሁሉ ይቅርና እዚሁ ከሱሉልታ በድል በር ወደ አዲሱ ገበያ ስንወርድ «ፍሬን በጥሶ» የሚባል ወሬ ስንቴ ሰምተናል።

ሂሳብ ስለሚወድ በሂሳብ እንሂድለት። መኪናው 2,200 ኪሎ፣ ካራቫኑ 1,800፣ ባንድ ላይ 4 ቶን። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ የሚወረደው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ 1 ሺህ ብቻ ነው እንበል። 4 ቶን 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ3 ሰዓት ያለማቋረጥ ማንደድ በሉት። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ዝቅ ባለ ማርሽ ከወረድክ ብዙውን ሞተሩ ይውጥልሃል፣ የተወሰነውን ንፋሱ፣ የተረፈው በሙሉ የፍሬን ሸራና ዲስክ ላይ ነው የሚያርፈው። ካራቫኑ ፍሬን ከሌለው ለራሱ ክብደት የተሰራው የመኪናው ፍሬን የሰውንም ሸክም ይሸከማል፣ ሸራው ይጨሳል፣ የፍሬን ዘይቱ አሮጌ ከሆነና እርጥበት ከሳበ ይፈላል፣ ሲፈላ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆንና ወለሉን ይነካል፣ ያኔ እግዜር ይሁንህ ነው። ቁልቁለት ላይ ደሞ ካራቫኑ ከኋላ እየገፋህ ስለሆነ ኩርባ ላይ ፍሬን ረገጥ ስታደርግ የመኪናውን ቂጥ ወደ ጎን ይዞት ሊዞር ይችላል።

አውሮፓ ውስጥ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው፣ አውስትራሊያም ያው 750 ነው። ሰዎቹ ሞኝ ሆነው አደለም። ሁለት ዓይነት ነው ያለው፣ አንደኛው መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ካራቫኑ ወደፊት ሲገፋ በግፊቱ ራሱን የሚይዝ፣ ርካሽ ነው፣ ሽቦና ገመድ ስለሆነ ማንም ይጠግነዋል፣ ችግሩ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳያቋርጥ ስለሚይዝ እሱም ይግላል፣ ስለዚ መሀል ላይ ቆም ብሎ ማሳረፍ ነው። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሰራ ነው፣ ጋቢና ውስጥ በምትገጠም ትንሽ ሳጥን ትቆጣጠረዋለህ፣ የሱ ጥቅሙ ካራቫኑ ጭራውን መወዝወዝ ከጀመረ የመኪናውን ሳትነካ የካራቫኑን ፍሬን ብቻ በእጅህ ያዝ ስታደርግለት ቀጥ ይላል። አቅም ያለው ይሄን ያስገጥም። ሌላው ካራቫኑ ከጋንቾው ቢወልቅ ፍሬኑን ስባ የምታስይዘው ቀጭን ገመድና ሰንሰለቱ ናቸው፣ ሁለቱም ሳይኖሩ ከግቢዬ ተሳቢ አይወጣም። ማርሹንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው መምረጥ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ ትታችሁ አትውረዱ።

«ፎርዊሉን አስፋልት ላይም አስገባው፣ ይይዝልሃል» ይላል ደሞ። የትኛው መኪና? ሃርድቶፑ፣ ሃይሉክሱ፣ ዲማክሱ አስፋልት ላይ ፎርዊል አስገብተህ ብትዞር የፊትና የኋላ ጎማ እኩል መንገድ ስለማይሄዱ መሀል ያለው ካምቢዮ ይታሰራል፣ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይበላል፣ ብሎ ብሎ የሆነ ነገር ይሰበራል። እሱ ለጭቃና ለኮረኮንች ነው። ቪኤይትና አብዛኛው ፕራዶ ሌላ ናቸው፣ እነሱ ሁሌም በአራቱም ነው የሚሄዱት፣ የፊቱና የኋላው በየራሱ ፍጥነት እንዲዞር የሚያደርግ መሀል ዲፈረንሻል አላቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ መጻፍ ሰው ያስከስራል።

ይልቅ ሃርድቶፕ ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ግቢያችሁ በር ዳገት ከሆነና ካራቫኑን በሪቨርስ ማስገባት ካለባችሁ (ለገጣፎና ሱሉልታ ስንት ግቢ እንደዛ ነው) በተራ ሪቨርስ ፍሪሲዮኑን ታቃጥሉታላችሁ፣ ሽታው ሰፈር ያዳርሳል። የፊት ጎማው መሀል በእጅ የሚዞረው መቆለፊያ ካለው «ፍሪ» ላይ ተዉትና ውስጥ ፎር ሎው አስገቡ። ፊተኛው ጎማ ስላልተያያዘ አይታሰርም፣ የኋላው ብቻ በዛች ቀርፋፋ ማርሽ ይገፋል፣ ኮብልስቶን ላይ እንኳ ቀስ እያለ እንደ ኤሊ ይገባል። መቆለፊያው አውቶማቲክ ከሆነ ይሄ አይሰራም።

እቃውን ወደ ኋላ ጫን የሚለው አደገኛ ነው ግን አጭር ነው። ከካራቫኑ ክብደት አንድ አስረኛ ያህሉ ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት፣ አውስትራሊያዎች የሚይዙት ልክ ነው፣ አውሮፓዎች ከዛ ያንሳሉ ግን የነሱ ካራቫን ቀላል ነው። ከኋላ ከጫንከው አፍንጫው ይቀልና መወዝወዝ ይጀምራል፣ ቱሉ ዲምቱን አልፈህ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ አውቶቡስ ሽው ብሎ ሲያልፍህ ያኔ ታየዋለህ። ከባዱን እቃ የካራቫኑ ጎማ አናት ላይና ትንሽ ወደፊት፣ ከታች፣ አለቀ። ከወዘወዘ ደሞ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ እንጂ መሪ አትታገል። የመኪናው ቂጥ ወረደ ከተባለ ባሌስትራ ይጠናከራል፣ ጭነት ወደ ኋላ አይሸሽም።

መኪናውን ማስነሳትና ትልቅ ጎማ? ጋንቾውም አብሮ ይነሳና ካራቫኑ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ትልቁ ጎማ ማርሹን ያረዝመውና ዳገት ላይ ያቺኑ የጎደለች ጉልበት ይበላታል። ለፎቶ ጥሩ ነው።

ጂምኒን መጫወቻ ያለው ግን አናዶኛል። ለ1,300 ኪሎ ፍሬን ያለው ተሳቢ የተፈቀደለት መኪና ነው። እኔ 1,300 ጎትቱበት አልልም፣ አጭር ስለሆነ ካራቫን በቀላሉ ይወዘውዘዋል፣ 1.5 ሊትር ቤንዚኑም ቱርቦ ስለሌለው እኛ ጋ ይደክማል፣ ግን ሁለት ሰው ቅዳሜና እሁድ መናገሻ ሱባ ደርሶ ለመምጣት 600 ኪሎ የምትሆን ትንሽ ተሳቢ ድንኳኗን ጭና ትበቃዋለች። ሁሉም ሰው ቤቱን ጎትቶ አይሄድም እኮ።

ዲፌንደርን በተመለከተ «ዲፌንደር ዲፌንደር ነው» ተብሏል። አይደለም። አሮጌው በእ.ኤ.አ. ጥር 2016 ማምረቱ ቆሟል፣ ሻንሲ (ከስር ሁሉን የሚሸከም ብረት) ያለው፣ በመዶሻ የሚጠገን መኪና ነበር። አዲሱ ሻንሲ የለውም፣ አካሉ ራሱ ነው የሚሸከመው፣ መጎተት ላይ ከአሮጌው ቢበልጥ እንጂ አያንስም፣ ግን ኮምፒውተሩ ሲያኮርፍ የሰፈሬ መካኒክ ከማየት ሌላ ምንም ማድረግ አይችልም።

የመጨረሻው «ቪኤይት ከዱባይ አምጣ» የሚለው ነው። ቪኤይት 200 ሲሪስ ባለ 4.5 ናፍጣው 650 ኒውተን ሜትር አለው፣ መጎተቱ ላይ ክርክር የለኝም፣ ከተጠቀሱት ሁሉ ይበልጣል። ግን መንግሥት በ2016 ዓ.ም ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፣ ጸሐፊው የት ሀገር ሆኖ እንደጻፈው አላውቅም። ባይከለከል እንኳ ዱባይ ያለው አብዛኛው ቤንዚን ነው። ኤሌክትሪክ ይገባል፣ እሱ ደሞ ካራቫን ሲጎትት የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ከከተማ ስትወጣ ቻርጅ የት ታደርጋለህ። ካራቫኑን ከእንግሊዝ አስመጣ ማለቱንስ? የእንግሊዝ ካራቫን በሩ በግራ ነው፣ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ መንገድ ዳር ስትቆም ልጆችህ በሩን ከፍተው የሚወርዱት መኪና መሀል ነው።

ስለዚ የሚቀረን እዚሁ ሀገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ነው፣ ብዙውም ከእርዳታ ድርጅት ጨረታ የወጣ። ደላላው የሚያሳያችሁ የታጠበ ሞተርና አዲስ የወንበር ልብስ ነው። እናንተ ካርቶን አንጥፋችሁ ከኋላ በኩል ስሩ ግቡ። ሻንሲው ጫፍ ላይ፣ ባሌስትራው የሚታሰርበት አካባቢ፣ ቀለሙ ፀጉር በመሰለ መስመር ከተሰነጠቀ ብረቱም ተሰንጥቋል። ጋንቾው ፓራውልቱ ላይ ብቻ ተበይዶ ከሆነ አስወልቁት፣ ሻንሲው ላይ በቡሎን መታሰር አለበት። የጋንቾዋን ኳስም ለኩ፣ የአውሮፓ 50 ሚሊ ነች፣ የአሜሪካ 50.8፣ በዓይን አይለዩም፣ የአውሮፓ ኳስ ላይ የአሜሪካ ማያያዣ ከገባ ይንገጫገጫል፣ ኮረኮንች ላይ ዘሎ ሊወጣ ይችላል። ሜትር አይበቃም፣ ካሊፐር ያለው ቶርኖ ቤት ውሰዱት።